የደጋው ቤትና ጭሱ
በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የቤት ውስጥ አየርን የማጥራት ጥረት ታሪክ

በአማርኛ «ጭስ» የሚለው ቃል ከእሳት የሚወጣውን ነገር ብቻ አያመለክትም፤ ጎጆንና ኑሮንም ጭምር ያመለክታል። በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚያርሰው ገበሬ «ጭሰኛ» ሲባል የኖረው፣ እሳት አንድዶ ጭስ ያስወጣበት ቦታ መኖሪያው እንደ ሆነ ስለሚቈጠር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን በሻረ ጊዜ ስሙ ከሕግ ወጣ። ጭሱ ግን ከቤት አልወጣም። በሌላው አገር በጭሰኛው ጎጆ፣ ርስት ጸንቶ በኖረበት በመንዝም በባለ ርስቱ ቤት፣ እሳቱ በቤቱ ውስጥ እየነደደ፣ ጭሱም በጣራው ሣር መካከል ቀስ እያለ ሲወጣ ኖሯል፤ በብዙ ቤትም ዛሬም እንደዚሁ ነው።

የጤና ባለሙያ ይህን ጭስ ሲያይ በመጀመሪያ የሚያስበው አየሩን እንዴት ለማጥራት እንደሚቻል ነው። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። የደጋው ሰው ራሱ በየዘመኑ የቤቱን አየር ለማጥራት ሲሞክር ኖሯል። በዕጣንና በቀበርቾ አጥኗል፤ ጭስ የሌለው እሳት ፈልጎ ወደ ከሰል ዞሯል። ከውጭ የመጣው ባለሙያም በበኩሉ መስኮት ክፈቱ ብሎ መክሯል፤ የተሻሻለ ምድጃ አድሏል። ዛሬ ደግሞ በትላልቅ ከተሞች በኤሌክትሪክ የሚሠራ አየር ማጥሪያ መሣሪያ ለገበያ ቀርቧል። የእነዚህ ሙከራዎች ታሪክ በአንድነት ሲመረመር አንድ ትምህርት ይሰጣል። ይኸውም ቆሻሻው ከሚወለድበት ቦታ ላይ ካልተወገደ፣ ከተበተነ በኋላ የሚደረገው ማጥራት ወይ የማይበቃ እንደሚሆን፣ ወይም በአንዱ ጉዳት ፋንታ ሌላ ጉዳት እንደሚተካ ነው።

ብርድ የሠራው ቤት

መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ሲከፈል የኖረ አገር ነው። የሸዋን ነገሥታት ሐረግ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመሠረቱት ነጋሲ ክርስቶስ የተነሡት ከዚህ ምድር ነበር። የመንዝና የግሼ አምባ ሰፊው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚደርስና ከዚያም የሚያልፍ ሲሆን፣ ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት፣ ቀኑም በነፋስ የሚመታ ደጋ ነው። በስተ ምዕራብ የሚገኘው መርሐቤቴ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ስለሚያዘቀዝቅ ከዚህ ይሞቃል። ስለዚህ እነዚህ አገሮች በብርድ በኩል አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ይህም ልዩነት ወደ ኋላ እንደሚታየው ለጭሱ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው።

የመንዝ ቤት ይህን ብርድ ለመከላከል የተሠራ ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ጣራው የጓሳ ሣር ነው፤ በሩ ዝቅ ያለና ጠባብ ነው፤ መስኮት ወይ የለውም ወይም ትንሽ ነው። ብርዱ በጠናበት ስፍራ ከብቱም ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ ትንፋሹና ገላው ለቤቱ ሙቀት ይሰጣልና። ለጣራ የሚሆነው ሣር የሚታጨድበት የጓሳ ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሥፍራ ነው። ይህን ሜዳ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይቈይና በስምምነት ሲከፈት ሣሩ ይታጨዳል፤ ቁጥቋጦውም ለማገዶ ይለቀማል። የ1967ቱ ዐዋጅ የርስት ሥርዓትን ሲያፈርስ የቄሮ ሥርዓትም አብሮ ወደቀ፤ ሜዳው በኅብረተሰቡ ጥበቃ ሥር የተመለሰው ከዚያ በኋላ በሌላ መልክ ነው።

የጓሳን ቁጥቋጦ መጠበቅ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። በመንዝ እንጨት ብርቅ ነው። ጥድና ወይራ በአብዛኛው ተጠግተው የቀሩት በቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ ካዛወሩ በኋላ፣ አዲሲቱን ከተማ ከማገዶ እጦት ያዳናት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይኸው ዛፍ ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋም ዘልቆ የየገበሬው ደጃፍ ጥላ ሆነ። ነገር ግን ባሕር ዛፉ ለቤት መሥሪያና ለገበያ ሲፈለግ፣ ለዕለት እሳት የሚቀረው ቅጠሉ፣ ጭራሮውና ከሁሉ በላይ ኩበቱ ነው። ኩበት ደግሞ ጭሱ የበዛ ማገዶ ነው። በዚያም ላይ ለምድጃ የዋለው ኩበት ለእርሻው ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው ነበርና፣ የቤቱን አየር የሚያጠቍረው እሳት የገብሱን ማሳም ያራቍታል።

ስለ ጭሱ ጥቅምና ጉዳት

ጭሱ በደጋው ቤት ውስጥ ሲኖር ያለ አገልግሎት አልኖረም። የጣራውን ሣርና ማገር ከነቀዝ ይጠብቃል፤ ከጣራው ሥር የተሰቀለው ዘር እንዳይበላሽ ያደርጋል፤ ተባይ ያርቃል። በወይራ ጭስ የታጠነ ቅል ወተቱን ያቈያል፤ የታጠነ ጋን ለጠላው መዓዛ ይሰጣል። ከጥላሸት የሚዘጋጀው ጥቍር ቀለም ለብራና መጽሐፍ መጻፊያ ሆኗል። ሌሊት በዐመድ የተዳፈነው ፍም እስኪነጋ ድረስ ቤቱን ያሞቃል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያላገናዘበ ባለሙያ ጭሱን የድንቍርና ምልክት ብቻ አድርጎ ቢያይ ይሳሳታል። ጭሱ የሙቀት ዋጋ ነው፤ ገበሬው ዋጋውን የሚከፍለው ሙቀቱን ስለሚፈልግ ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋው የሚከፈለው በሁሉም ሰው እኩል አይደለም። ምጣዱ ሲሟሽ፣ ወጡ ሲሠራ ጭሱ ላይ ተደፍታ የምትውለው ሴት ናት፤ በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን ከእርሷ ጋር ይተነፍሰዋል፤ አራስ ከእሳቱ አጠገብ ትተኛለች። ወንዱ ውሎው በእርሻና በገበያ ስለ ሆነ ከጭሱ ድርሻው ያንሳል።

ሕክምና ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በዴልሂ ከሳንባ ሕመም የተነሣ ልባቸው ስለ ደከመ ሕሙማን በታተመ ጥናት ላይ ዶክተር ፓድማቫቲ የተባሉት የልብ ሐኪም፣ ትንባሆ የማያጨሱት ሴቶች በዚህ በሽታ ከወንዶች ባላነሰ መጠን መያዛቸውን አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ እንደ መንዝ ብርድ ባለበት በኒው ጊኒ ደጋ፣ ሰዎች እሳት አንድደው በሚያድሩባቸው ጎጆዎች ውስጥ የጭሱ መጠን ተለክቶ ውጤቱ ለንባብ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኬርክ ስሚዝ የተባሉት ሊቅና ባልደረቦቻቸው በሕንድ በጉጃራት መንደሮች በሚያበስሉ ሴቶች ላይ ትንሽ መለኪያ አስይዘው፣ ሴቶቹ የሚተነፍሱት ብናኝ ከታላላቅ ከተሞች አየር እጅግ የከፋ መሆኑን አሳዩ። በአገራችንም በቡታጅራ ገጠር በብዙ ቤቶች የተካሄደው ልኬት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በቤት ውስጥ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 97 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኝቷል። በዚያን ጊዜ የዓለም የጤና ድርጅት የዓመት አማካይ ወሰን 40 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 10 ዝቅ ብሏል።

ከጭሱ ክፍል ሁሉ ለጤና እጅግ ጎጂ የሚባለው ግን ደቃቁ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ይህ ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዱት እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ መጠን በቀን አማካይ ከ15፣ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል። በሦስት ጉልቻ እሳት በሚነድበት ዝግ ቤት ግን እሳቱ ባለበት ሰዓት መጠኑ በመቶዎችና በሺዎች ይቈጠራል። ድርጅቱ በቤት ውስጥ የሚነድ ማገዶና ጋዝ በሚያስከትለው የአየር ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገምታል። በኢትዮጵያ ከ10 ቤተ ሰብ ከ9 የማያንሰው እንጨት፣ ኩበት፣ ከሰልና ይህን የመሰለ ማገዶ እያነደደ የሚያበስል ስለ ሆነ፣ ይህ አኀዝ ከቤታችን የራቀ አይደለም።

ማጠን

የቤትን አየር ከማጥራት ዘዴዎች ሁሉ የቀደመው ማጠን ነው። በሽታ በመጣ ጊዜ፣ መጥፎ ሽታ በተሰማ ጊዜ፣ ሰው በታመመበት ቤት ቀበርቾ፣ ወይራና ዕጣን ማጨስ በደጋው የቈየ ልማድ ነው። የአሳቡ መሠረት በሽታ ከተበላሸ አየር ይመጣል የሚለው እምነት ሲሆን፣ ይህም የኢትዮጵያውያን ብቻ እምነት አልነበረም። አውሮፓውያንም ተሕዋስያን በአጉሊ መነጽር ተለይተው እስኪታወቁ ድረስ በዚሁ አሳብ ነበሩ፤ በወረርሽኝ ጊዜም ቤታቸውንና መንገዳቸውን በጭስ ያጥኑ ነበር።

ይህ ልማድ ከቤት ወጥቶ የአገር ሥርዓት የሆነው በኅዳር በሽታ ጊዜ ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ በኅዳር ወር ሲበረታ፣ በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም ታመው ድነዋል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል፤ ልማዱም «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ ይጠራል። ከዚያም ከመቶ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮቪድ በሽታ ኢትዮጵያ መግባቱ ሲታወቅ፣ ሕዝቡ ወደዚሁ ጥንታዊ መሣሪያ ተመልሶ ቤቱንና መንገዱን በዕጣን ሲያጥን ታይቷል።

በኅዳር ልማድ ውስጥ ያለው ጥሩ ነገር መጥረጉ ነው። ቆሻሻን ከሰፈር ማንሣት አይጥንና ዝንብን ይቀንሳል። ማቃጠሉ ግን የኢንፍሉዌንዛን ተሕዋስ አይገድልም፤ በ1911 ዓ.ም. የነበረው ቆሻሻ ገለባና ቅጠል ሲሆን ዛሬ ፕላስቲክ ስለ ተቀላቀለበት ደግሞ ጭሱ የባሰ መርዝ ይይዛል። የዕጣንም ጭስ ቢሆን መዓዛው ደስ ያሰኛል እንጂ በደቃቅ ብናኝነቱ ከማገዶ ጭስ አይለይም። የጸሎትና የቡና ሥርዓት የራሱ ክብር አለው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን መዓዛና ንጹሕነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማጠን ሽታን በሽታ ይሸፍናል እንጂ ቆሻሻውን ከአየር ላይ አያነሣም። ይህ የመጀመሪያው አየር ማጥሪያ ታሪክ በኋላ ለመጡት ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል።

ጭስ የሌለው እሳት

ሁለተኛው መፍትሔ ጭስ የሌለው እሳት መፈለግ ነበር። ከሰል ለዐይን ንጹሕ ነው፤ አያስለቅስም፤ ግድግዳ አያጠቍርም። በከተማ ኑሮ የለመደው ሰው ሁሉ ማታ ማታ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤቱ ማስገባት የወደደው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ከሰል ሲነድ ከማገዶ የበለጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ካለው ሂሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኀይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ ስለ ሆነ፣ ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ በዚያው ይቀራል።

ለደጋ ሰው አደጋው ይብሳል። በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 70 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ደሙ የሚያገኘው ኦክሲጅን አስቀድሞ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከዚያችው ላይ ይቀንሳል። ብርዱ ደግሞ በርና መስኮት ያዘጋል። እንግዲህ ጭሱን ከዐይን ያራቀው እሳት ሞትን ወደ አልጋው አቅርቦታል ማለት ነው። ማገዶው ቢያንስ ያስለቅሳል፤ ማስለቀሱም ማስጠንቀቂያ ነው። ከሰል ይህን ማስጠንቀቂያ ያነሣል።

ከኩራዝም የሚገኘው ትምህርት ይኸው ነው። በነጭ ጋዝ የሚሠራው ኩራዝ ለብዙ ዘመን የገጠሩ ማታ ብርሃን ሆኖ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ምርመራ እንዳረጋገጠው ግን፣ እንዲህ ባለው ተራ የክር መብራት ከሚነደው ጋዝ ክብደት ከመቶ 7 እስከ 9 እጅ የሚሆነው ጥቍር ጥላሸት ሆኖ ወደ ቤቱ አየር ይመለሳል። ከኩራዙ አጠገብ ተቀምጦ የሚያጠናው ተማሪ ይህን ይተነፍሰው ነበር። በፀሐይ ኀይል የሚሠራው ትንሽ መብራት ኩራዝን በየመንደሩ በተካበት ጊዜ፣ ማንም አየር ማጥሪያ ብሎ ባይጠራውም፣ ከየትኛውም ማጥሪያ የበለጠ ሥራ ሠርቷል። የቆሻሻውን ምንጭ አስወግዷልና።

መስኮትና ምድጃ

ሦስተኛው ዘመን የባለሙያው ዘመን ነው። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ማሠልጠን በጀመረ ጊዜ፣ የቤት አያያዝ ትምህርት ወደ ገጠሩ መድረስ ጀመረ። ምክሩ አጭር ነበር፤ መስኮት ክፈቱ፣ ማጀቱን ከመኝታው ለዩ፣ ከብቱን ከቤት አውጡ የሚል ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ከ16ቱ ፓኬጆቹ አንዱን ለጤናማ ቤት አያያዝ በመመደብ ይህንኑ ትምህርት በየቀበሌው አዳርሷል።

ምክሩ ትክክል ነው። በመርሐቤቴ ቈላማ ክፍል ብዙ ሳያስቸግር ሊፈጸም ይችላል፤ ሙቀቱ ማጀትን በደጅ ለመሥራት ይፈቅዳል። ለመንዝና ለግሼ ገበሬ ግን መስኮት ክፈት ማለት ሌሊቱን በርደህ እደር ማለት ነው። በሣር ጣራ ፋንታ የገባው ቆርቆሮም ነገሩን አባብሶታል። ቆርቆሮ ዝናብ በመከላከል ከሣር የተሻለ ቢሆንም ሙቀት አይይዝም። ሥሩ ኮርኒስ ከሌለው ቤቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቤተ ሰቡም የጎደለውን ሙቀት በተጨማሪ ማገዶ ይሞላል። ይህን ያላሰበ ምክር በስብሰባ ላይ እሺ ተብሎ ከስብሰባው በኋላ የሚረሳው ስለ ሰነፉ አይደለም፤ ስለ በረዳቸው ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው የምድጃው እርምጃ ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በመንግሥት የኢነርጂ ጥናት ባለሙያዎች ጥረት ሁለት ምድጃዎች ለሕዝብ ቀረቡ፤ ለከሰል ላቀች፣ ለእንጀራ መጋገሪያ ምርጥ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብናኝ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ምጣዱን ከብቦ እሳቱን ስለሚሰበስብ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቈጥባል። እንጨት በጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሴቲቱን ለቀማና ሸክም ይቀንሳል፤ ኩበቱንም ለማሳው ይተርፋል።

ነገር ግን ማገዶ መቈጠብና አየር ማጥራት አንድ አይደሉም። መጀመሪያ በተሠራጨው ዓይነት ምርጥ ምድጃ ጭሱ በስተ ኋላ ባለው ቀዳዳ ወጥቶ እዚያው ማጀት ውስጥ ይቀራል፤ ጭስ ማውጫ ቧንቧ ያለው ዓይነት የመጣው በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ ምድጃው ለእንጀራ ብቻ ስለ ሆነ ወጡ፣ ቡናውና የማታው ሙቀት በሦስቱ ጉልቻ ላይ ይቀጥላሉ። እሳቱን አጥሮ የያዘ ምድጃ ሙቀቱንም አጥሮ ስለሚይዝ፣ በብርድ አገር ያለ ቤተ ሰብ ከአዲሱ ምድጃ አጠገብ አሮጌውን እሳት ማንደዱ አይቀርም።

ውጤቱም በጥናት ታይቷል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ለተወሰኑ መንደሮች ታድሎ ከሌሎቹ ጋር የተነጻጸረበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት፣ በሕፃናት የሳንባ ሕመም ላይ አስተማማኝ ልዩነት አላገኘም። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናትም እንዲሁ በሳንባ ምች ላይ ለውጥ አላሳየም። ይህ ውጤት ምድጃውን ከንቱ አያደርገውም። ጭሱ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ የቀረው ግማሽ ከተገቢው መጠን በብዙ እጥፍ የላቀ መሆኑን ያስረዳል እንጂ። ከአሥር ጅብ አምስቱ ቢሄዱ አህያው አይድንም።

መሣሪያው

አራተኛው ዘመን የማሽን ዘመን ነው። ዛሬ አየር ማጥሪያ ተብሎ የሚሸጠው መሣሪያ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው አየሩን በማራገቢያ ስቦ በወፍራም ማጣሪያ ውስጥ የሚያሳልፍ ነው። የዚህ ዓይነት ከፍተኛ ማጣሪያ የተወለደው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአቶሚክ ምርምር ውስጥ ሲሆን፣ 0.3 ማይክሮን ስፋት ካለው ብናኝ ከመቶ 99.97 እጁን ይይዛል። ብናኝ በመያዝ በኩል የታመነ ነው። ጋዝን ግን አይዝም፤ በተለይ ካርቦን ሞኖክሳይድን ለቤት የሚሸጥ ምንም ዓይነት ማጣሪያ አያስወግደውም። ስለዚህ ከሰል በሚነድበት ክፍል መሣሪያ አቁሞ መተኛት ራስን ማታለል ነው።

ሁለተኛው ዓይነት አየሩን በኤሌክትሪክ ኀይል ወይም በኦዞን አጸዳለሁ የሚለው ነው። ኦዞን ራሱ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚገልጸው፣ ለሰው በማያሰጋ መጠን የሚለቀቅ ኦዞን የአየርን ቆሻሻ ለማስወገድ አቅም የለውም፤ አቅም የሚኖረው ለሰው በሚያሰጋ መጠን ሲሆን ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከ0.05 የሚሊዮን እጅ በላይ ኦዞን የሚያወጣ አየር ማጥሪያ ለቤት እንዳይሸጥ ከልክሏል። ከዕጣንና ከሽቶ የሚወጡት ተርፒን የሚባሉ ነገሮች ከኦዞን ጋር ሲገናኙ ደግሞ ፎርማልዲሃይድና አዲስ ደቃቅ ብናኝ ይፈጠራል። እንግዲህ ዕጣን በሚጤስበት ቤት የኦዞን መሣሪያ ማቆም አሮጌውን ማጠንና አዲሱን ማጠን አጋብቶ ሦስተኛ መርዝ መውለድ ነው።

የታመነው መሣሪያ እንኳ በደጋው ማጀት ምን ሊሠራ እንደሚችል በሂሳብ ማየት ይጠቅማል። በአንድ ሰዓት አንድ ኪሎ እንጨት በሦስት ጉልቻ ላይ ነድዶ 5 ግራም ደቃቅ ብናኝ ቢያወጣ፣ ይህም የተጋነነ ግምት አይደለም፣ መሣሪያውም በሰዓት 300 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር ቢሰጥ፣ በዝግ ቤት ውስጥ የብናኙ መጠን ወደ 16 ሺህ ማይክሮግራም ተጠግቶ ያልፋል። መሣሪያው ሳይታክት እየሠራ ማለት ነው። ማጣሪያውም በጥቂት ቀን ይደፈናል። ያንኑ ጭስ ከምድጃው በላይ በቆመ ቧንቧ ወደ ውጭ ማስወጣት ግን ኤሌክትሪክም መለዋወጫም አይጠይቅም።

ይህ ማለት መሣሪያው ቦታ የለውም ማለት አይደለም። እሳት በማይነድበት ክፍል፣ የታመመ ሰው በሚተኛበት፣ ብዙ ሰው በሚጠባበቅበት የጤና ተቋም ውስጥ ጥሩ ማጣሪያ ይረዳል። ይሁን እንጂ በዚያም ቢሆን መስኮት መቅደም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 በሊማ ከተማ ሆስፒታሎች የተደረገው ልኬት እንዳሳየው፣ መስኮትና በራቸው የተከፈተ ክፍሎች በሰዓት 28 ጊዜ አየራቸውን ሲለውጡ፣ በማሽን የሚተነፍሱት ዘመናዊ ክፍሎች 12 ጊዜ ብቻ ለውጠዋል፤ ከሁሉ የበለጡትም ጣራቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፋፊ የሆነ አሮጌ ሕንፃዎች ነበሩ። በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ክፍል የሚሠራ ሰው ይህን ማስታወስ ይገባዋል፤ ለሕሙማኑ ደግሞ ብርድ ልብስ ማዘጋጀት የሕክምናው ክፍል እንጂ ትርፍ ነገር አለመሆኑን አብሮ ሊያስብ ይገባል።

ከታሪኩ የሚገኘው ፍርድ

ከማጠን እስከ ማሽን ያለው ታሪክ ለባለሙያው ሦስት ጥያቄዎችን ትቶለታል። አንድ አየር ማጥሪያ ነኝ ባይ ሲቀርብ፣ ቅጠልም ሆነ ምድጃ ወይም መሣሪያ፣ በመጀመሪያ ቆሻሻውን ከምንጩ ያስወግዳል ወይስ ከተበተነ በኋላ ይለቅማል ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። ቀጥሎ ራሱ ወደ አየሩ ምን ይጨምራል ተብሎ ሊመረመር ይገባዋል። ሦስተኛውን ጥያቄ ያስተማረው የመንዝ ብርድ ነው፤ ይኸውም እሳቱ ሲነሣ ሙቀቱን ምን ይተካዋል የሚለው ነው። ያለፉት ምክሮች ብዙዎቹ ሁለቱን ጥያቄዎች ሲያልፉ በሦስተኛው ላይ ወድቀዋል።

ለዚህም ጥያቄ መልሱ ከአገሩ የራቀ አይደለም። ጭስ ማውጫ ያለው የተለየ ማጀት፣ የደረቀ ማገዶ፣ ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት የሚይዝ ኮርኒስ፣ የተደፈነ የግድግዳ ስንጥቅ፣ ከመንዝ በግ ጠጕር የሚሠራው ባናና ዝተት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድነት የጤና መሣሪያዎች ናቸው። ጭስ ማውጫ ብቻ ሰጥቶ ኮርኒሱን የነፈገ ፕሮግራም ቤቱን ያቀዘቅዛል፤ ሰዎቹም ቧንቧውን በጨርቅ ይወትፉታል። ከሁሉ በላይ የሚታሰበው መፍትሔ እሳቱን ከቤት ፈጽሞ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ኀይል ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚፈልግ፣ ኀይሉ ከግድቡ እስከ ደጋው ማጀት እስኪደርስ መስመሩ፣ ትራንስፎርመሩና የመክፈል አቅሙ ሊታሰቡ ይገባል። አምፖል የበራለት ቤት ሁሉ ጭሱ ወጣለት ማለት አይደለም።

በአንድ በኩል የጭስን ጉዳት የማያውቅ፣ በሌላ በኩል የብርድን ጉዳት የማያውቅ ባለሙያ ለደጋው እናት እኩል አይጠቅማትም። እርሷ ሁለቱንም ታውቃለች፤ ጭሱን የመረጠችው ልጇ እንዳይበርደው ነው። ስለዚህ የሙያው ግዴታ እርሷን ከምርጫዋ መገሠጽ ሳይሆን፣ ልጇን ከብርድም ከጭስም የሚያድን ሦስተኛ ምርጫ በእጇ ማኖር ነው። ይህ እስኪፈጸም ድረስ የሚለካው አየር እንጂ የሚታደለው ምድጃ ብዛት የሥራው መመዘኛ ሊሆን አይገባም።